ማዕዘን የሌለው ቤት

ዊልፍሬድ ትዌይት ከቤቱ ደረጃ ለሁለተኛ ጊዜ በወደቀ ማግስት ልጁ ኖርማ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከተፍ አለች። ሽማግሌው ወጥ ቤት ውስጥ ዳሌው ሥር ትራስ ተደርጎለት ተቀምጧል። ከሸሚዙ ቁልፎች መካከል አንዲት ነጭ፣ ሹል ፊት ብቅ ብላ ኖርማን አየቻትና ተመልሳ ገባች።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙ ጺም እንኳ አላበቀለም።»

«ስለ ጺሙ አልጠየቅሁህም አባዬ። ምን አለ?»

«አሁንም ከወደቅህ አትነሣም አለኝ። እኔ ደግሞ አንተም ስትወጣ ተጠንቀቅ፣ ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው አልኩት።»

ኖርማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካሉት የጡረተኞች ቤቶች አንዱ ባዶ መሆኑን፣ ከበሩ እስከ አልጋው አንድም ደረጃ እንደሌለው፣ ለእሱም እንደተፈቀደለት በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ዊልፍሬድ ሰምቶ ጨረሰና ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«እነዚህስ?»

እነዚህ ማለት ሦስቱ ፌሬቶቹ ናቸው፤ ፔግ፣ ቢስኪትና ፒክል። ፌሬት የሽለምጥማጥ ዘመድ ነው፤ ክንድ የሚያህል፣ እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ፣ ከሰው ጋር መኖር የለመደ። በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሸር ሸለቆዎች የገበሬው የድንጋይ አጥር ሥሩ በጥንቸል ጉድጓድ ተቦርቡሮ መናድ ሲጀምር የሚጠራው ዊልፍሬድ ነበር። ፌሬቷን በአንዱ ቀዳዳ ይሰዳታል፤ ጥንቸሎቹ በሌላው ቀዳዳ ሲበረግጉ መረብ ይቀበላቸዋል። የኖርማ የልጅነት ቅዳሜዎች ያለቁት እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክካ መረብ ስትጠብቅ ነው። እናቷ የተቀበረች ዕለት አባቷ የፔግን አያት በኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞ ነበር የቆመው፤ ቄሱም አይተው እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

«ሰው ሊወስዳቸው ይችላል» አለች ኖርማ፣ መልሱን እያወቀች።

«እኔንም ሰው ሊወስደኝ ይችላል። ቀባሪ። ያንቺን ሳጥን ይዞ።»

ኖርማ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ናት፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ስትሰማ ስለኖረች አልሳቀችም። ወደ ጓሮ ወጥታ የፌሬቶቹን አሮጌ ቤት ለአፍታ አየችው። ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላል። ተመለሰችና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ሳጥኑን ለእነሱ እሠራዋለሁ። የማይሸት፣ የማያመልጡበት፣ አንተም ሳትጎነበስ የምታጸዳው ቤት። ከእነሱ ጋር ትገባለህ።»

«የማይሸት የፌሬት ቤት? የማያርስ ውኃ ሥሪልኝ ብልሽስ?»

«መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ።»

የቤቶቹ ኃላፊ ደንቡን በአጭሩ ነገራት። ግቢው የጋራ ነው። በግቢው በኩል መስኮት ያላቸው ወይዘሮ ሜትካፍ ብቻ ናቸው። እሳቸው እሺ ካሉ እሱም እሺ፤ እምቢ ካሉ እንስሶቹ አይገቡም።

ኖርማ ግቢውን ልታይ የሄደችው ሆን ብላ እኩለ ቀን ላይ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ስትመጣ ግን መሄጃውን እንደማያውቅ እንግዳ ናት። ከአድማስ እስከ አድማስ ደመና አልነበረም። ፌሬትን ብርድ አይገድለውም፤ ሙቀት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ኖርማ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ዞረች፤ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰች። ሁሉም እንደ ምጣድ ግሏል። ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘችው አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ እሱም ከወይዘሮ ሜትካፍ መስኮት ሥር። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ገና ከምድጃ የወጣ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የእንጆሪ ፓይ ተቀምጦ ይበርዳል።

ወይዘሮ ሜትካፍ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የጨረሱ፣ ክንዳቸው የሊጥ ጉልበት ያለው ሴት ናቸው። ሰው ፓያቸው አጠገብ ሲያንዣብብ ዝም አይሉም።

«ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?»

«ምንም። ቦታ አግኝቼ ነው» አለች ኖርማ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አትወድም። «የአባቴ ፌሬቶች ቤት እዚህ ነው የሚቆመው። እርስዎ እሺ ካሉ።»

«እዚህ የት?»

«እዚህ። ከመስኮትዎ ሥር።»

ወይዘሮዋ ፓያቸውን አዩ፤ ኖርማን አዩ፤ ከዚያ ባዶውን ግቢ በእጃቸው አሳዩ። «ግቢው ሰፊ ነው እኮ።»

«ሰፊ ነው፤ ግን ፀሐይ ይዞታል። ማዶ ባቆመው እርስዎን አይሸትዎትም፣ እነሱ ግን ይሞታሉ።»

«እኔ ጋ ከቆመስ?»

«አይሞቱም። አይሸትዎትምም።»

«ይሄን ያህል እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ከሠራሁት ሳጥን ሽታ ወጣ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ሜትካፍ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ውስጥ ያሉት አቤቱታ አያቀርቡማ!» አሉና ፊታቸውን መልሰው አኮሳተሩ። «እሺ። አንድ ሳምንት። እኔ ፓዬን የማበርደው እዚህ ነው፤ ለማንም ብዬ አላነሣውም። ፓዬ ፓይ ፓይ ከሸተተኝ ይቆዩ። ሌላ ነገር ከሸተተኝ ግን አባትሽን በሰላምታ አልቀበለውም።»

ሥራው የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ዊልፍሬድ በኖርማ ሥራ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የሻይ ስኒውን አንድ ያላለቀ የሬሳ ሳጥን ክዳን ላይ አሳርፎ፣ ከዘራውን እንደ መምህር አርጩሜ እያወዛወዘ ትእዛዝ ይሰጣል።

«ማዕዘን አታድርጊበት» አለ። «ዕድሜ ልኬን ማዕዘን ስፍቅ ኖርኩ። ፌሬት ኩሱን የሚጥለው ማዕዘን ላይ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱ ሽንቱን ይጠጣል፣ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ማዕዘን ባይኖር አንዴ ጥርግ አድርጎ መገላገል ነበር።»

ኖርማ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አነሣች። በሸለቆው ውስጥ እንደ እሷ እንጨት የሚያጥፍ አልነበረም። የሬሳ ሳጥን ትከሻው ላይ ሲደርስ ጎኑ መታጠፍ አለበት፤ ሳንቃውን ከውስጥ በኩል በመጋዝ አጠጋግታ ትበጣዋለች፣ የፈላ ውኃ ታፈስበታለች፣ ከዚያ እንደ ቆዳ ታጥፈዋለች። አራቱንም ጠርዝ እንዲህ ብታጥፍ ማዕዘን የሚባል ነገር አይኖርም። እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላሰበውም?

እንዳሰበችው ሠራችው። ቤቱ አራት እግር አለው፤ ወለሉ የዊልፍሬድ ወገብ ጋ ይደርሳል፣ ስለዚህ ዳሌውን ሳያጥፍ ቆሞ ያጸዳል። ወለሉን የሬሳ ሳጥን ውስጡን በምታትምበት ሰም ደጋግማ ቀባችው፤ ጠብታ አይጠጣም። ጣሪያው ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል። ሽቦው ጣት የማያሳልፍ ነው፤ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ቀሪ አካሉ የማያልፍ ፌሬት የለምና። በሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለው፤ አንዱን ፒክል በአፍንጫዋ መክፈት ከተማረች ቆይታለች። ግድግዳው ከውስጥ እንደ ቅል ለስላሳና ክብ ነው።

መኝታው ብቻ ካሬ ሆነ። ከጎን የተለጠፈ፣ ጨለም ያለ ትንሽ ሳጥን ነው። ስለ መኝታ ማን ይጨነቃል? ፌሬት የሚተኛበትን እንደማያቆሽሽ ሁለቱም ያውቃሉ። ኖርማ ቀጥ ያለ ማዕዘን የምትለካበትን ስኳድራዋን ያነሣችው ለዚያች ሳጥን ብቻ ነበር።

ዊልፍሬድ ከዘራውን ተደግፎ ዞሮ ዞሮ አየው። «ስም የሚጻፍበት ናስ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ያንተን ስም ላድርግበት?»

«የፔግን አድርጊ። እኔ ተከራይ ነኝ።»

ቤቱ ከወይዘሮ ሜትካፍ መስኮት ሥር ቆመ፤ የሳምንቱ የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ያማሩ ነበሩ። ፌሬቶቹ አዲሱን ቤት እያሸተቱ፣ እየተንከባለሉ፣ ጭዱን እየበተኑ ውለው አደሩ። ዊልፍሬድ ጠዋትና ማታ በልጁ መኪና እየመጣ ያበላቸዋል። ወይዘሮ ሜትካፍ መስኮታቸውን ከፍተው ፓያቸውን ያበርዳሉ፤ ፔግ ደግሞ በሽቦው ውስጥ ቆማ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ታሸታለች።

ሳምንቱ ሲጋመስ ሙቀቱ ባሰ። ኖርማና አባቷ ሲደርሱ መስኮቱ ተዘግቶ አገኙት። ወይዘሮ ሜትካፍ ፓያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ዛሬ የጋገርኩት እንጆሪ ነው። ነይ አሽትቺው።»

ኖርማ ጎንበስ ብላ አሸተተች። እንጆሪ አልነበረም።

ሄዳ የመኝታውን ክዳን ከፈተች። ጭዱ እንዳልነበረ ሆኗል። ሦስቱም ከውጭ ባዶ ወለል ላይ፣ በሽቦው ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ተኝተዋል። መኝታቸው ላይ ተጸዳድተው መኝታቸውን ሸሽተውታል።

ዊልፍሬድ ወደ ሽቦው ተጠግቶ ሦስቱን አንድ በአንድ አያቸው። በመጨረሻ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን የፌሬቶቹን መሸከሚያ ሳጥን አወረደ። «ፔግ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አርጅታለች። እሷም እኔም አርጅተናል። በይ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ኖርማ ድምፁ ውስጥ እፎይታ የሰማች መሰላት። ይሄ ከሽታው ይልቅ አስደነገጣት።

«ማንም የትም አይሄድም» አለች፤ የመሸከሚያውን ማንገቻ ከእጁ ወሰደች። «ባለፈው ሳምንት ንጹሕ የነበረች ፌሬት በዚህ ሳምንት አታረጅም። የተለወጠው ቤቷ ነው። ቤቷን ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። «ሳምንቱ አላለቀም፣ ወይዘሮ ሜትካፍ።»

«አላለቀም» አሉ ወይዘሮዋ። በልክ የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ የሰጡትን ቀን አይቆርሱም። «እሑድ ያልቃል። እሑድ ልጆቼ ለምሳ ይመጣሉ፤ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቼ አልጋግርም። እሑድ ጠዋት አሸታለሁ፤ ያሸተትኩትን እናገራለሁ።»

«ከዚህ የተሻለ አልጠይቅዎትም።»

ኖርማ ቤቱን አጥባ፣ አዲስ ጭድ አድርጋ ሄደች። በማግስቱ ማለዳ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣችና ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። እንጨት ሲያስቸግራት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መዶሻ ከማንሣቷ በፊት ታየዋለች።

መጀመሪያ የነቃችው ፔግ ነበረች። ከመኝታዋ ወጥታ ተንጠራራች፤ ቀጥላ ጀርባዋን ሰጠችና ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ቂጧ ግድግዳውን ነካ፤ ክቡ ግድግዳ አንሸራተታት። ትንሽ ፈቀቅ አለችና እንደገና ወደ ኋላ። አሁንም አንሸራተታት። እንዲህ እያለች፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ፊቷ ላይ ሥራው የጠፋበት ሰው ዓይነት ቁም ነገር እየተነበበ፣ ቤቱን ሙሉ ዞረችው። በመጨረሻ ግራ ተጋብታ ቆመች፤ ወደ መኝታዋ ገባችና እዚያ፣ በስኳድራ በተለካው ማዕዘን ላይ፣ ተጸዳዳች። ከዚያም በሠራችው ተጸይፋ ዘልላ ወጣች።

ኖርማ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀች።

መስኮቱ ተከፈተ። ወይዘሮ ሜትካፍ ጸጉራቸውን እንደጠቀለሉ ብቅ አሉ። «በዚህ ማለዳ ምን ያስቅሻል?»

«ይዩ! ቢስኪት ተነሣች። ዝም ብለው ይዩ።»

ቢስኪትም ጀርባዋን ሰጥታ ዙረቱን ጀመረች። ወይዘሮዋ በክርናቸው ደፉ ላይ ተደገፉ። «ምን ፈልጋ ነው?»

«ማዕዘን። ጀርባዋን የምታስጠጋበት ማዕዘን ካላገኘች አይሆንላትም። እኔ ደግሞ አንድም ሳላስቀር አጠፋሁባት። የቀረላት አልጋዋ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ሜትካፍ በአንክሮ ተመለከቱ። «ሟች ባሌ መኪና ሲያቆም ልክ እንዲህ ነበር» አሉ። «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። መጨረሻ ላይ የሰው አበባ ላይ።»

ዊልፍሬድ ነገሩን ሲሰማ ሥራ ቤቱ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ለአፍታ ከዘራውን ማወዛወዝ ተወ።

«ማዕዘን አታድርጊበት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ ያልኩት ደግሞ እኔ።»

«ዕድሜ ልኬን ስረግማቸው የኖርኩት ለካ ሲያግዙኝ ነው። አንድ ቦታ እየሰበሰቡልኝ!» ራሱን ነቀነቀ። «ፔግን ይቅርታ እንድጠይቃት ትፈልጊያለሽ?»

«አልጋዋን እንድትይዝልኝ ነው የምፈልገው። ጠበቅ አድርገህ ያዝ።»

ቤቱን ፈታችው፤ እንደገና ስትሠራው ሁሉን ገለበጠችው። ካሬ የነበረውን መኝታ ከውስጥ በታጠፈ ሳንቃ አልብሳ ክብ አደረገችው። ከመኝታው በጣም በራቀው ጫፍ ላይ ደግሞ ክቡን ግድግዳ ቆርጣ አወጣችና አንድ ማዕዘን ሠራች። አንድ ብቻ፣ ግን እውነተኛ። ስኳድራዋን አስገብታ ብርሃን በመካከል እንዳያልፍ አንድ ዐይኗን ጨፍና አየች። ወለሉን እዚያ ላይ ዝቅ አድርጋ ከውጭ እንደ መሳቢያ የሚሳብ የቆርቆሮ ትሪ ገጠመችለት፤ ትሪው ላይ የሥራ ቤቷን ሰጋቱራ ነሰነሰች። ዊልፍሬድ ቆሞ፣ ሳይጎነበስ፣ በአንድ እጁ ስቦ ደፍቶ ሊመልሰው ይችላል። እሱም የበኩሉን አደረገ፤ ከአሮጌው ጭድ ትንሽ አምጥቶ ማዕዘኑ ላይ አሻሸ።

«አድራሻውን ጻፍኩላቸው» አለ።

ኖርማ ምስማር በጥርሷ ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ «በዚያን ቀን ወደ ቤታችን እንሂድ ስትል ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ» አለችው።

ዊልፍሬድ ሻዩን ጠጣ። «ደረጃውን የሠራው አባቴ ነው።»

«ሁለቴ ጥሎሃል።»

«አባቴም ይጥለኝ ነበር።»

ኖርማ ምስማሯን ከአፏ አውጥታ መታች። «እንግዲያው እኔ ደግሞ የማይጥል ሠርቼልሃለሁ። ከዚህ በኋላ የምትገባበትን አንተ ታውቃለህ።»

እሱም ትሪውን ሳብ አደረገ፣ መለሰ፣ ሳብ አደረገ፣ መለሰ። እንደ ቅቤ ይንሸራተታል።

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ገና ሳትከር ሁለቱ ግቢው ውስጥ ነበሩ። ቤቱ ከመስኮቱ ሥር ከተመለሰ ሁለት ሌሊት አድሯል። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። ኖርማ ትሪውን ሳበች፤ ሁሉም እዚያ ነበር፣ ተሰብስቦ፣ ሰጋቱራው ውስጥ። መኝታውን ከፈተች፤ ሦስቱ በንጹሕ ጭድ ውስጥ እንደ ክር ድውር ተጠቅልለዋል። አባቷን አየችው፤ እሱ ግን ዐይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ፒፓውን ለኩሶ ሳያውቀው እያጨሰ ነው።

መስኮቱ ተከፈተ። ወይዘሮ ሜትካፍ ብቅ አሉ። የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ወደ ውጭ ዘለቅ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ታች አዞሩ።

«ይሸተኛል» አሉ።

ዊልፍሬድ ከዘራውን ጨበጠ። ኖርማ አልተንቀሳቀሰችም። ሥራዋን ታውቃለች።

«ምን ይሸትዎታል?»

«ትምባሆ!» ወይዘሮዋ ዐይናቸውን ገልጠው ዊልፍሬድ ላይ አፈጠጡ። «ያንን ጭስ ከመስኮቴ አርቅ፣ አንተ ሰው! እንስሶቹስ ካንተ ይሻላሉ።»

ከዚያ ዞር አሉና ተመለሱ። በሁለት እጃቸው የያዙትን ፓይ፣ ገና እንፋሎቱ የሚወጣውን፣ ልክ ከፌሬቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ደፉ ላይ አስቀመጡት። እንጆሪ ነበር። እስከ ግቢው በር ድረስ የሚሸተው እንጆሪ ብቻ ነበር።

ዊልፍሬድ ፒፓውን በጫማው ሶል ላይ መትቶ አጠፋ። «ወይዘሮ ሜትካፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማዶ ነው የማጨሰው።»

«ፀሐይ ላይ?»

«እኔ አልሞትም።»

«እንግዲያው ሳትሞት ምሳ ሰዓት ላይ ና። ልጆቼ አይጨርሱትም። ልጅህንም ይዘህ፤ ቀና ብላ የምትሠራ ሴት ደስ ትለኛለች።» መስኮቱን ክፍት ትተውት ወደ ውስጥ ገቡ።

ኖርማ ከሽርጧ ኪስ የአባቷን የጡረታ ቤት ቁልፍ አውጥታ ለአባቷ ሰጠችው። እሱ በፈንታው የፔግን መኝታ ከፍቶ ፔግን አወጣና ደረቱ ላይ፣ በቁልፎቹ መካከል ሸጎጣት። ነጩ ፊት ብቅ አለ። ፔግን ጨምሮ ሦስቱም እስከ ቤቱ በር ሄዱ። ዊልፍሬድ ቁልፉን አዞረና በሩን ገፋ፤ በልማድ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣ።

ደረጃ አልነበረም። እግሩ ለአፍታ አየር ላይ ቆየ።

«ውይ» አለ፣ ለፔግ ይሁን ለኖርማ አልታወቀም፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ገባ።